የአባት ብረትና የልጅ ቁልፍ

በፍራንክፈርት ከተማ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ከመሬት በታች በተሠራ አንድ የዒላማ መለማመጃ አዳራሽ ውስጥ፣ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የተጠጋ ጀርመናዊ ተኳሽ ስድስት ጎራሽ ሽጉጣቸውን ከተቆለፈ ሻንጣ አውጥተው፣ የጥይት ቤቱን ወደ ጎን ገልብጠው ባዶነቱን ካሳዩኝ በኋላ፣ ከጥይት ቤቱ መክፈቻ ጥቂት ከፍ ብላ የምትገኝ፣ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ አንዲት ክብ ቀዳዳ በጥፍራቸው ነካ አድርገው አመለከቱኝ። ቀጥለውም ከሻንጣው ኪስ፣ ለልጅ መጫወቻ ሣጥን እንኳ የምትበቃ የማትመስል ቀጭን ቁልፍ አውጥተው በቀዳዳዋ ቢያዞሯት፣ ከመዶሻው አጠገብ እንደ እባብ ምላስ የሳሳች ብረት ብቅ አለች፤ ከዚያም በኋላ ምላጩ ቢሳብ አልሳብ፣ መዶሻውም ቢጎተት አልጎተት አለ። ሽጉጡን ከገዙት ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሲሆን፣ ቁልፏን ሲያዞሯት ግን ያ ቀን ሁለተኛው ብቻ መሆኑን፣ የመጀመሪያውም ሽጉጡ የተገዛበት ዕለት እንደ ነበረ አጫወቱኝ። ይህን ሲናገሩ በድምፃቸው ውስጥ የነበረው ነገር ቁጣ አልነበረም፤ በገዛ ቤቱ፣ ሳያማክሩት በሩ የተቀየረበት ሰው ቅሬታ ነበር እንጂ።

ስለዚህች ቀዳዳ፣ እርሷም በመሣሪያ ባለቤቶች ዘንድ ስላስነሣችው ክርክር ለመጻፍ የተነሣሁት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ሽጉጥ የሚለው ስማችን «ሸጎጠ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ከመታጠቂያ ሥር ወይም ከትራስ ግርጌ የሚሸጎጥ መሣሪያ ማለት ነውና፣ የነገሩ ጭንቀት ሁሉ ከስሙ ውስጥ አለ፤ አንዱ የሸጎጠውን ሌላው ያገኘዋል፣ በቤት ውስጥም ከሁሉ ቀድሞ የተሸጎጠ ነገር የሚያገኝ ሕፃን ነው።

ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ከሌሎቹ የሚለየው በአሠራሩ ቀላልነት ነው። ምላጩ ሲሳብ የጥይት ቤቱ አንድ እርምጃ ይዞራል፣ መዶሻው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ከጫፍ ሲደርስም ተለቅቆ የጥይቱን ቂጥ ይመታል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በአንድ ጣት ጉልበት ስለሆነ፣ የምላጩ ጉዞ ረጅምና ከባድ ነው፤ ሠሪዎቹም ክብደቱን ራሱን እንደ ጠባቂ ቈጥረውት፣ ሌላ መቆለፊያ ሳይጨምሩበት ከመቶ ዓመት በላይ ኖረዋል። ከዚህ ልማድ የወጡ አልጠፉም። የጀርመን መንግሥት ለጦር ሠራዊቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1879 ያሠራው ስድስት ጎራሽ (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በጎኑ ላይ የምትታጠፍ መከልከያ ነበረችው፤ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለውም የአሜሪካ ፋብሪካ በ1887 መያዣው በመዳፍ ካልተጨበጠ የማይተኩስ ሽጉጥ አውጥቷል። የዚህ ሽጉጥ ምክንያት፣ ከፋብሪካው መሥራቾች አንዱ የነበሩት ዳንኤል ዌሰን አንድ ሕፃን በሽጉጥ መጎዳቱን ሰምተው በማዘናቸው እንደ ሆነ በትውፊት ይነገራል። ትውፊቱ እውነት ይሁን አይሁን፣ የሕፃን ትንሽ መዳፍ ሊጨብጠው የማይችለውን መሣሪያ ማሰብ ከአባት ልቡና የሚመነጭ አሳብ ነው፤ ያንንም ሽጉጥ የሚነቅፍ ባለቤት ብዙ አልተሰማም።

ከመቶ ዓመት በኋላ የመጣችው ቀዳዳ ግን የተወለደችው ከዚህ ዓይነቱ ሐዘን ሳይሆን ከመንግሥትና ከነጋዴ ውል ነው። መጋቢት 17 ቀን 2000 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ከፕሬዚዳንት ክሊንተን መንግሥት ጋር ስምምነት ሲፈራረም፣ ከገባቸው ቃል ኪዳኖች አንዱ በሁለት ዓመት ውስጥ አዳዲስ ሽጉጦቹን ሁሉ በውስጣቸው መቆለፊያ ያላቸው አድርጎ መሥራት ነበር። በዚህም የተነሣ የአሜሪካ መሣሪያ ባለቤቶች ማኅበር ውግዘት አወጀ፣ ገዢዎችም ፊታቸውን አዞሩ፣ የፋብሪካውም ሽያጭ ወደቀ። ፋብሪካውን በ1987 ከ110 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ የገዛው ቶምኪንስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ2001 ዕዳውን ጨምሮ ለሌላ ባለቤት ሲያስተላልፈው የተቀበለው ዋጋ 15 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነበር። ገዢውም የመሣሪያ መቆለፊያ የሚሠራ አነስተኛ ድርጅት ሆነና፣ ቀዳዳዋ በስድስት ጎራሾቹ ጎን ላይ ተበስታ ወጣች። ባለቤቶቹም በፕሬዚዳንቱ ባለቤት ስም «የሂላሪ ቀዳዳ» ብለው ሰየሟት፤ ስያሜው የቱን ያህል ቂም እንደ ተቋጠረባት ያሳያል።

የባለቤቶቹን ተቃውሞ በትዕግሥት ያደመጠ ሰው፣ በአንድ ቃል ውስጥ ብዙ ነገር ተጠቅልሎ ያገኛል። ከሁሉ የሚከብደው የአሠራር ስጋት ነው፤ ክብደታቸው በቀለለ ሽጉጦች ላይ ብርቱ ጥይት ሲተኮስ፣ የመሣሪያው መንፈራገጥ ያችን ቀጭን ምላስ ከቦታዋ አንቀሳቅሶ፣ ቁልፉን ማንም ሳያዞር መሣሪያው ተቆልፎ ይቀር ይሆን የሚል ነው። ይህ ደረሰብኝ የሚሉ ባለቤቶች አሉ፤ ብዙ ሺህ ጥይት ተኩሼ አንድ ቀን እንኳ አላየሁም የሚሉት ግን እጅግ ይበዛሉ። እኔም ለዒላማ ተኳሽ ነገሩ ከቁም ነገር የማይገባ ስጋት መሆኑን እቀበላለሁ፤ ሽጉጡ ቢቆለፍበት እጁን አንሥቶ ተቆጣጣሪውን ይጠራል እንጂ ሌላ የሚደርስበት የለም። ሆኖም ሌሊት በሩ ተሰብሮ ነፍሱን ለማዳን ሽጉጡን ያነሣ ሰው፣ ከሺህ አንድ ጊዜ የሚሆነው ነገር ያን ሌሊት ቢሆንበት ሁለተኛ ዕድል የለውምና፣ ስጋቱን እንደ ምክንያት የለሽ ፍርሃት ማጣጣል ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሌሎቹ ደግሞ ስለ ውበት ይናገራሉ። እጀ ብልኅ ባለሙያ የሠራው ብረት ላይ ያለ ቦታዋ የተበሳች ቀዳዳ ለዓይን ታስቀይማለች ይላሉ፤ ምላሷን አስወጥተው ቀዳዳዋን በድፍን ብረት የሚያስደፍኑም አሉ። ከዚህ ሁሉ ሥር ግን፣ እኔ እንደ ተረዳሁት፣ የክብር ጥያቄ ተቀምጧል። ባለቤቱ፣ «ለልጆቼ የማላስብ ሰው መሆኔን ማን ነገራችሁ?» እያለ ይጠይቃል፤ መቆለፊያዋን የጠላት ስለምትቆልፍ ሳይሆን፣ እርሱን ሳታውቀው ስለ ጠረጠረችው ነው። ፋብሪካውም ይህን ተቃውሞ ሃያ ዓመት ከሰማ በኋላ በቅርብ ዓመታት አንዳንድ ሞዴሎቹን ያለ ቀዳዳዋ ወደ ገበያ መልሷል። በአንጻሩ፣ የልጅ ልጆቻቸው ለበዓል ሲመጡባቸው ያችን ቀጭን ቁልፍ አዙረው በሰላም የሚተኙ አያቶች አሉ፤ እነዚህ ለተቃውሞ ስለማይሰበሰቡ ድምፃቸው አይሰማም እንጂ፣ በእኔ ሚዛን የአንዱ አያት የሰላም እንቅልፍ ከብዙ ሰዎች የውበት ቅሬታ ይበልጣል።

የፍራንክፈርቱ ሽማግሌ ቁልፋቸውን ሁለት ጊዜ ብቻ ያዞሩበት ምክንያት ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ የሚኖሩበት አገር ሕግ መቆለፊያውን በሽጉጡ ላይ ሳይሆን በቤቱ ላይ አድርጎታልና። ይህች ከተማ ለተኩስ ጥበብ እንግዳ አይደለችም። በ1428 በተፈጸመው በኤሸንሃይም ግንብ አናት ላይ ያለው የነፋስ አመልካች ባንዲራ አንድ ላይ የ9 ቍጥርን ቅርጽ የሚሠሩ ዘጠኝ ቀዳዳዎች አሉት፤ ሃንስ ቪንከልዜ የተባለ፣ ያለ ፈቃድ በማደን ተይዞ የታሰረ ሰው በዘጠኝ ጥይት ቍጥሩን ስሎ ነፍሱን ከሞት ፍርድ ዋጀ ብለው የከተማይቱ ሰዎች እስከ ዛሬ ለልጆቻቸው ይተርካሉ። የመላው ጀርመን ተኳሾች የመጀመሪያው ታላቅ በዓልም በ1862 የተከበረው እዚሁ ፍራንክፈርት ነው። እንግዲህ ሕጉ የጠበቀው መሣሪያን በማያውቅና በሚንቅ ሕዝብ ላይ እንዳልሆነ አንባቢዬ ልብ ይበልልኝ።

ዛሬ በጀርመን አገር ሽጉጥ ለመያዝ የሚሻ የዒላማ ተኳሽ፣ ቢያንስ አንድ ዓመት በማኅበር ታቅፎ አዘውትሮ መለማመድ፣ የመሣሪያ ዕውቀት ፈተና ማለፍና የሚፈልግበትን ምክንያት ማስረዳት አለበት፤ ፈቃዱንም የሚሰጠው፣ የእኛ ሰዎች ኦርድኑንግስአምት እያሉ የሚጠሩት የከተማው ሥርዓት ማስከበሪያ መሥሪያ ቤት ነው። ከሐምሌ 2017 ወዲህ ለመሣሪያ ማስቀመጫ አዲስ የሚገዛ ካዝና በደረጃ የተመዘነ እንዲሆን ግድ ነው፤ ካዝናው ከዝቅተኛው ደረጃ ሆኖ ክብደቱ ከ200 ኪሎ ካነሰም ከአምስት ሽጉጥ በላይ አይቀመጥበትም። ይህ ጥብቅነት በደም የተጻፈ ነው። መጋቢት 11 ቀን 2009 በሽቱትጋርት አቅራቢያ በምትገኘው በቪነንደን፣ አንድ የ17 ዓመት ልጅ አባቱ በመኝታ ቤት ያለ ቁልፍ ያስቀመጡትን ሽጉጥ ይዞ ወደ ቀድሞ ትምህርት ቤቱ በመሄድ፣ በዚያና ከዚያም ሲሸሽ በጠቅላላ አሥራ አምስት ሰዎች ገድሎ ራሱንም ገደለ። የአባትየው ሌሎች መሣሪያዎች በካዝና ተቆልፈው ነበር፤ ያን ሁሉ እንባ ያፈሰሰው ያልተቆለፈው አንዱ ነው። አባትየውም በቸልተኝነት ነፍስ በማጥፋት ተከሰው ተፈረደባቸው፤ ሕጉም በዚያው ዓመት ተሻሽሎ፣ ሹሞች ያለ ቀጠሮ የባለ መሣሪያውን ደጅ እያንኳኩ አጠባበቁን እንዲመረምሩ ሥልጣን ሰጣቸው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም፤ የካዝናው ቁልፍስ የት ይቀመጥ? የሚለው ጥያቄ ተከተለ። አንድ አዳኝ ለእረፍት ሲሄድ የካዝናውን ቁልፍ በሌላ ቀለል ባለ የብረት ሣጥን ቆልፎ ቢተው፣ ሌቦች ገብተው ሣጥኑን ሰብረው ቁልፉን አገኙ፤ በቁልፉም ካዝናውን ከፍተው መሣሪያውን ወሰዱ። በሙንስተር የሚያስችለው የበላይ የአስተዳደር ፍርድ ቤት በነሐሴ 2023 በሰጠው ውሳኔ፣ ቁልፉ ራሱ ከሚከፍተው ካዝና ባላነሰ ጥንካሬ ባለው ዕቃ ውስጥ መቀመጥ እንዳለበት አስታወቀ። ሽማግሌው ወዳጄ ይህን ሲነግሩኝ፣ የቁልፍ ቁልፍ፣ የዚያም ቁልፍ እያሉ በጣታቸው ቈጠሩልኝ፤ በመጨረሻም በቍጥር ብቻ የሚከፈት ካዝና ገዝተው፣ ቍጥሩን ከራሳቸው በቀር ለማንም እንዳልነገሩ ገለጹልኝ። ሚስታቸው እንኳ አያውቁትም።

እኔን ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የያዘኝ ስለ ወራሾች የተደነገገው ነው፤ እውነተኛው የጀርመን የውስጥ መቆለፊያ እዚያ ይገኛልና። ከሚያዝያ 1 ቀን 2008 ጀምሮ፣ መሣሪያ በውርስ የደረሰው፣ ራሱ ግን ተኳሽ ወይም አዳኝ ወይም ሰብሳቢ ያልሆነ ሰው፣ ውርሱን በተቀበለ በአንድ ወር ውስጥ ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ ፈቃዱንም ሲያገኝ መሣሪያው እንዳይተኩስ የሚያግድ መቆለፊያ እንዲገባበት ይገደዳል። መቆለፊያው ከአፈሙዙ ቧንቧ ውስጥ ገብቶ የሚነክስ የጠነከረ ብረት ሲሆን፣ የሚያስገባውም ሆነ የሚያወጣው ልዩ ሥልጠና ያገኘ ባለሙያ ብቻ ነው፤ በጉልበት ላውጣው ቢሉ ቧንቧው ይበላሻል። ብራውንሽቫይግ የሚገኘው የመንግሥት የልኬት ተቋም ያልመረመረው መቆለፊያም ተቀባይነት የለውም። ጥይቱን ወራሹ ለባለ ፈቃድ ያስረክባል ወይም ከጥቅም ውጭ ያደርጋል።

በአሜሪካ መቆለፊያዋ የገባችው በሕያው ባለቤት መሣሪያ ላይ ነው፤ በጀርመን ግን ባለቤቱ በሞተበት መሣሪያ ላይ ነው። ልዩነቱ ጥልቅ ነው። ሕጉ ወራሹን አይጠረጥረውም፤ ሽጉጡ ከእንግዲህ ለአንተ መታሰቢያ ነው እንጂ መሣሪያ አይደለም ይለዋል። ወራሾች በዚህ ያማርራሉ፤ የመቆለፊያው ወጪ ከሽጉጡ ዋጋ ይበልጣል፣ ከአያት የቀረ ብርቅ ዕቃ በባዕድ ብረት ይጎዳል ይላሉ፤ ብዙዎቹም ዕዳውን ሽሽት ለመንግሥት አስረክበው ይገላገሉታል። እኔ ግን፣ ፍርዴ ተሳስቶ እንደ ሆነ አንባቢ ያርመኝ፣ ከመሣሪያ ሕጎች ሁሉ ለሰው ልብ የቀረበው ይህ ይመስለኛል። ልጅ ከአባቱ የሚፈልገው የተኩሱን ኃይል አይደለም፤ የእጁን ላብ የጠጣውን እንጨት፣ ትከሻው ያረፈበትን ሰደፍ ነው። መቆለፊያው ሞትን ከብረቱ አውጥቶ ተዝካሩን ይተውለታል።

ይህን የምለው ጎጃም ውስጥ ባደግሁበት ቤት ምሰሶ ላይ የአባቴ ምንሽር ተሰቅሎ ይውል ስለ ነበረ ነው። ልጆች ሁላችን በታቹ እንመላለሳለን፣ ማናችንም አንነካውም። ምንሽሩ ባዶ ነበር፤ ጥይቱ ከነዝናሩ በእንጨት ሣጥን ተቆልፎ፣ የሣጥኑን ቁልፍ አባቴ ከአንገቱ ማተብ ጋር አስሮት ይኖር ነበር። ሲታጠብ አይፈታውም፣ ሲተኛም አይፈታውም። ማንም ሕግ አላዘዘውም፤ በጎረቤት አንድ ልጅ ወንድሙን በጨዋታ መግደሉን በወጣትነቱ አይቶ ነበር።

ይሁን እንጂ ቁልፍ ሁሉ የሚያበቃበት ቦታ አለ፤ ይህንም ከፍራንክፈርት ሆኖ የሚጽፍ ሰው ሊዘለው አይገባም። የካቲት 19 ቀን 2020 ከዚህ በስተምሥራቅ ብዙ ሳትርቅ በምትገኘው በሃናው ከተማ፣ አንድ ሰው በዘር ጥላቻ ተነሣስቶ ዘጠኝ ሰዎች ገደለ፤ ቀጥሎም እናቱንና ራሱን ገደለ። መሣሪያዎቹን በሕግ የያዘ፣ የፍራንክፈርት የተኳሾች ማኅበር አባል የነበረ ሰው ነው። ካዝና ሕፃኑን ይከለክላል፣ ሌባውንም ያዘገያል፤ በውስጡ ጥላቻ የበሰለበት ባለቤት ግን ቁልፉ በእጁ ነው። ከሟቾቹ ብዙዎቹ እንደ እኛ ከባዕድ አገር የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ስለ ነበሩ፣ ያ ሌሊት በዚህ ከተማ በሚኖረው ሐበሻ ቤት ሁሉ ፍርሃት ያደረበት ሌሊት ነበር፤ እኔም እስከ ንጋት ስልክ ስደውልና ስቀበል አድሬያለሁ። ከዚያ አስቀድሞ፣ መሣሪያ በሌላ ሰው እጅ ሲገባ የሚያደርሰውን አደጋ በባለቤቱ እጅ ብቻ የሚተኩስ ሽጉጥ ሠርተን እንከለክላለን ያሉ መሐንዲሶች በባቫሪያ ተነሥተው ነበር፤ ከእጅ ሰዓት ጋር በሬዲዮ የሚነጋገረው ሽጉጣቸው ግን በ2017 አንድ መርማሪ በርካሽ ማግኔቶች ድል ነሣው። ባይነሣውም እንኳ የሃናውን ባለቤት አይከለክለውም ነበር።

አባቴ ያረፈው ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም ነው። ለቀብሩ አልደረስኩም። ከአርባው በኋላ ወንድሞቼ ስለ ምንሽሩ ተከራክረው፣ አንዱ ለበኩር ልጅ ይገባል ሲል፣ ሌላው በአገራችን አዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ይህ ዓመት ብቻ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት ያለ ፈቃድ መያዝ ወንጀል ስለሆነ ለፖሊስ ጣቢያ እናስመዝግበው ሲል፣ ነገሩን እኔ እንድቆርጥላቸው አክስቴን አስደወሉ። እኔም ስለ ካዝናው፣ ስለ ብራውንሽቫይጉ ተቋም፣ ወራሽ መሣሪያውን በመታሰቢያነት ብቻ ስለሚይዝበት ሕግ፣ እዚህ ፍራንክፈርት፣ ቦርንሃይም ሰፈር ካለው ማእድ ቤቴ ሆኜ ረጅም ንግግር አደረግሁላት፤ በመጨረሻም ምንሽሩ ይመዝገብ፣ ጥይቱ ግን ዛሬውኑ ከቤት ይውጣ አልኳት። እስከ ፍጻሜው ዝም ብላ ሰማችኝ።

«ደግ ብለሃል የኔ ጌታ፤ ጥይቱን እናወጣዋለን» አለችኝ። «ቁልፉን ሲገንዙት ከማተቡ ፈትተው በእጄ አስጨብጠውኛል፤ ከዚያ ወዲህ ካንገቴ አልፈታሁትም። ሣጥኑ ባዶ ከሆነ በኋላስ፣ እርሱን ማን ይያዘው?»